ወታደራዊ ወይስ ሲቪል ሕክምና? የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የአገልግሎት ዘርፍና ውጤቱ

መግቢያ

ከጅማ ተነሥቶ በሰቃና በሸቤ በኩል ወደ ቦንጋ የሚዘልቀው መንገድ የቡና ጥላ ዛፎችን እያቋረጠ ወደ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በዚህ ወንዝ አካባቢ ለኢጣሊያ ጦር እጃቸውን ሰጡ። በነቀምት የተመሠረተውና በራስ እምሩ መሪነት በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ሲንቀሳቀስ የነበረው የጥቁር አንበሳ ድርጅትም እንደ አንድ የተደራጀ ኃይል በዚሁ ጊዜ አከተመ። የድርጅቱ ሊቀ መንበር በእንግሊዝ አገር የሠለጠኑ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ከአባላቱ መካከል ደግሞ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሁለት ልጆች ይገኙ ነበር። በዚያው ወቅት አባታቸው በለንደን የኢትዮጵያ መንግሥት ሚኒስትር ነበሩ።

ሐኪምና ጦርነት፣ ሙያና የመንግሥት አገልግሎት በአንድ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ እንዲህ መገናኘታቸው አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ሕክምና ተምሮ በመንግሥት ሥር ለማገልገል የሚነሣ ሰው ከወታደራዊው ዘርፍ ወይም ከሲቪሉ ሲሰለፍ የሚወሰነው ምንድን ነው? ጥያቄው ብዙ ጊዜ በደመወዝ፣ በማዕረግና በክብር ይመዘናል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ሌላ ነው። የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት እንደሚያሳየው የአገልግሎት ዘርፍ ዋና ልዩነት የሚገኘው ሐኪሙን በሚያዝዘው አካል፣ ሐኪሙ ተመልሶ ሊጠራ በሚችልበት ሁኔታና ከአገልግሎቱ በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው። ዝቅ ያለ ይመስል የነበረው የሲቪል በር እኚህን ሰው ወደ አገራቸው የመለሳቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በጽሑፉ ውስጥ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የቀረቡ ዓመታት እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት አላቸው፤ የቀሩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከመቅደላ የተወሰዱ ሁለት ሕፃናት

ወርቅነህ እሸቴ በ1857 ዓ.ም. አካባቢ በጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወታቸውን ሲያጠፉ፣ ገና ሕፃን የነበሩት ወርቅነህ ከወላጆቻቸው ተለይተው በአምባው ላይ ተገኙ። ኮሎኔል ቻምበርሊን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ሕፃኑን ይዞ ወደ ሕንድ ተመለሰ። ቻምበርሊን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ መሸፈን ቀጠለ። ልጁ ለብዙ ዓመታት የተጠሩበት ቻርለስ ማርቲን የሚለው ስምም ከእነዚሁ ሁለት መኮንኖች የተገኘ ነው።

በዚያው ዘመቻ ከመቅደላ የተወሰደ ሌላ ሕፃን ነበር፤ እርሱም የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። የሁለቱ ዕጣ ጎን ለጎን ሲታይ ለተነሣንበት ጉዳይ ትልቅ ትርጉም አለው። ልዑሉ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በራግቢ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ሳንድኸርስት ወደሚገኘው የጦር መኮንኖች ማሠልጠኛ ገባ። በዚያ አልቆየም፤ እ.ኤ.አ. በ1879 በሊድስ ከተማ ገና በ18 ዓመቱ ዐረፈ። የንጉሥ ልጅ በመሆኑ ለእርሱ የታሰበለት መንገድ ወታደራዊ መኮንንነት ነበር። የዘር ሐረጉ ያልታወቀውና በሁለት ወታደሮች ወጪ ያደገው ሌላው ልጅ ግን የሙያ ትምህርት ተሰጠው። ለልዑሉ የተመረጠለት ዘርፍ ለደረጃው የሚመጥን ተብሎ የተሰጠ ሲሆን፣ ለወርቅነህ የተሰጠው ትምህርት በየትኛውም ቦታ ራስን ችሎ ለመኖር የሚያበቃ ነበር።

ወርቅነህ በፑንጃብ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው ወደ ላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገቡ። ትምህርታቸውንም እ.ኤ.አ. በ1882 አጠናቀቁ። በኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤደንብራና በግላስጎ ተጨማሪ የሕክምና ትምህርት ተከታትለው በብሪታንያ ግዛቶች ለመሥራት የሚያበቃ ማረጋገጫ አገኙ። ይህ ሁለተኛ እርምጃ ተራ የትምህርት ማሻሻያ አልነበረም። በዚያ ዘመን ከሕንድ ኮሌጅ ብቻ የተመረቀ ሰው በአብዛኛው የሚጠብቀው የረዳት ሐኪምነት ቦታ ሲሆን፣ በብሪታንያ የተመዘገበ ሐኪም ግን ከዚያ ከፍ ላሉ ሹመቶች መታጨት ይችል ነበር።

ሦስቱ የአገልግሎት በሮች

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በብሪታንያ ሕንድ መንግሥታዊ ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ሰው በፊቱ ሦስት ዋና ዋና በሮች ነበሩት። የእያንዳንዱን ባሕርይ ለይቶ ማየት የወርቅነህን የሥራ ዘመን ለመረዳት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የብሪታንያ ጦር የራሱ የሕክምና ክፍል ነው። ይህ ክፍል በሕንድ የሰፈሩትንም ጨምሮ የብሪታንያ ተወላጅ ወታደሮችን ያክም ነበር። ሐኪሞቹ የጦሩ አካል ቢሆኑም ሙሉ የመኮንንነት ማዕረግ ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚለው ክርክር ለብዙ ዓመታት ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ1891 ሐኪምነታቸውንና ወታደራዊ ማዕረጋቸውን በአንድነት የሚገልጽ ጥምር መጠሪያ ተሰጣቸው። ሙሉ ወታደራዊ ማዕረግ ያገኙት ግን እ.ኤ.አ. በ1898 ንጉሣዊው የጦር ሠራዊት ሕክምና ኮር ሲቋቋም ነው። ወደዚህ ክፍል ለመግባት በጊዜው የነበረው ደንብ አመልካቹ ከአውሮጳውያን ወላጆች ብቻ የተወለደ መሆኑን ይጠይቅ ነበር።

ሁለተኛው በር የሕንድ የሕክምና አገልግሎት ነው። ይህ ተቋም በባሕርዩ ወታደራዊ ነበር። አባላቱ የመኮንንነት ሹመት ይዘው በሕንድ ክፍለ ጦሮች ውስጥ ያገለግሉ ነበር። ሆኖም ከመካከላቸው ብዙዎቹ በየአውራጃው ሆስፒታል፣ በወኅኒ ቤትና በሕክምና ኮሌጅ በሲቪል ሥራ ይመደቡ ነበር። ሲቪል ሥራው በውሰት የተሰጠ ስለ ነበር ጦርነት ሲነሣ መኮንኑ ወደ ጦሩ ሊጠራ ይችል ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ይህ ግዴታ በሥራ ላይ ውሎ ብዙ ሐኪሞች ከሲቪል ሆስፒታሎች ወደ ግንባር ተወስደዋል። ወደ አገልግሎቱ የሚገባው ለንደን ላይ በሚሰጥ የውድድር ፈተና ነው። ፈተናው እ.ኤ.አ. በ1855 ሲጀመር ካለፉት መካከል ሱርጆ ኩማር ቻከርቡቲ የተባለ የቤንጋል ተወላጅ ስለ ነበረ በሩ ለሕንዳውያን ፈጽሞ የተዘጋ አልነበረም። ይሁን እንጂ የሩቅ ጉዞው፣ ወጪውና የኋለኞቹ ማጣሪያዎች የሚያልፉትን ሕንዳውያን ጥቂት አድርገዋቸዋል። ደንቡም የሚቀበለው በትውልድ የብሪታንያ ዘውድ ተገዥ የሆነና ከአውሮጳ ወይም ከሕንድ ዘር የተገኘ ሰው ነው።

ሦስተኛው በር የየክፍለ ግዛቱ ሲቪል የሕክምና አስተዳደር ነው። በዚህ ሥር የሚቀጠር ሐኪም የመኮንንነት ሹመት የለውም፤ ለክፍለ ጦርም አይመደብም። ደረጃው በአብዛኛው ከሕንድ የሕክምና አገልግሎት መኮንኖች በታች ነበር። የአንድ አውራጃ ሐኪምነት ሲለቀቅ ቅድሚያ የሚሰጠው ለመኮንኑ ሲሆን፣ ሩቅና በሽታ የበዛባቸው ቦታዎች ለሲቪሉ ይቀሩለታል። በአንጻሩ የሲቪል ሐኪሙ ውል ግልጽ ነበር፤ ለተወሰነ ዘመን ያገለግላል፣ በየጊዜው ረዥም ፈቃድ ያገኛል፣ በመጨረሻም ጡረታ ይዞ ይወጣል።

እነዚህን ሦስት ደንቦች በወርቅነህ ላይ ብናስቀምጣቸው የምርጫው ሜዳ ምን ያህል ጠባብ እንደ ነበር ይገለጣል። አውሮጳዊ ስላልሆኑ የመጀመሪያው በር በደንቡ ቃል ተዘግቷል። ሁለተኛውም ቢሆን የብሪታንያ ተገዥ ሆኖ የተወለደን አውሮጳዊ ወይም ሕንዳዊ እንጂ የጎንደር ተወላጅን አላሰበም። የቀረው ሦስተኛው በር ነው። ስለዚህ በኋላ በግለ ሰብ ታሪክ ላይ እንደ ምርጫ የምናነበው ነገር አስቀድሞ በትውልድና በዜግነት ወንፊት የተጣራ ነበር። የአገልግሎት ዘርፍ ምርጫን የሚያጠና ተመራማሪ ከሰውየው ፍላጎት በፊት የደንቡን አንቀጽ መመርመር ያለበትም ስለዚህ ነው።

በበርማ

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ በላይኛው በርማ ላይ ዘምታ ንጉሥ ቲቦን ወደ ሕንድ አጋዘች። በ1886 መግቢያም አገሪቱን የሕንድ ግዛት አካል አደረገች። ወርቅነህ ከስኮትላንድ ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ በዚህች አዲስ በተያዘች አገር የመንግሥት ሐኪም ሆነው ተመደቡ። የሥራ ዘመናቸው ትልቁ ክፍል ያለፈውም በዚያው ነው።

በብሪታንያ ሕንድ ሥርዓት የአውራጃ ሐኪም ኃላፊነት ሆስፒታል ውስጥ ቁጭ ብሎ በሽተኛ በማየት አይወሰንም ነበር። ወኅኒ ቤቱን ይቆጣጠራል፤ ፈንጣጣ እንዳይዛመት ክትባት ያስከትባል፤ ለፍርድ ቤት የአስከሬን ምርመራ ያቀርባል፤ የገበያንና የውኃን ንጽሕና ይከታተላል፤ ወረርሽኝ ሲነሣም ሪፖርት ያደርጋል። ወታደራዊ ሐኪም በአመዛኙ የሚያውቀው በዕድሜና በጤና ተመርጠው በአንድ ሰፈር የተሰበሰቡ ጐልማሶችን ነው። የሲቪል ሐኪሙ ግን እናቶችን፣ ሕፃናትን፣ ሽማግሌዎችንና እስረኞችን በአንድነት የሚያይ በመሆኑ ከሕክምናው ጋር አስተዳደርን ይማራል። ሐኪም ወርቅነህ በኋላ በአገራቸው የትምህርት ቤት ኃላፊ፣ አገረ ገዥና ዲፕሎማት ሆነው ሲሠሩ የሚታየውን የአስተዳደር ልምድ ያገኙት ከዚህ ዓይነቱ አገልግሎት መሆኑን መገመት አያዳግትም።

በዚህ የሥራ ዘመን ውስጥ ሊታለፍ የማይገባው ተቃርኖም አለ። በልጅነታቸው ድል ከተደረገ የንጉሥ አምባ በእንግሊዞች የተወሰዱት ሰው ጐልማሳ ሲሆኑ ሌላ ንጉሥ በተጋዘባት አገር የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኑ። የሲቪል ዘርፍ ከጦር ሜዳ ቢያርቃቸውም ከድል አድራጊው መንግሥት አላራቃቸውም። ሲቪል ሕክምናን ከኃይል የነጻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ክትባቱም ወኅኒ ቤቱም የአንድ አስተዳደር ሁለት እጆች ነበሩ።

ዐድዋና የመመለስ ጥያቄ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ዜና ዓለምን ሲዞር በበርማ የነበሩት ሐኪምም ሰሙት። ድሉ ኢትዮጵያ ነጻነቷን የጠበቀች አገር መሆኗን ከማስረዳቱም በላይ ለእርሳቸው የመመለስን ሐሳብ ቀሰቀሰ። በሕክምና በኩል ግን ያ ድል አንድ ክፍተት አሳይቷል። የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት የተደራጀ የሕክምና ክፍል አልነበረውም፤ ቁስለኛው የሚታከመው በወጌሻ፣ በመድኃኒት ዐዋቂና በዘመድ እጅ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን መጥቶ ቁስለኞችን ሲያክም ቆይቶ በአዲስ አበባ ለቋሚ ሆስፒታል መሠረት ጥሏል።

የሲቪል አገልግሎቱ የፈቃድ ደንብ ጥቅሙን ያሳየው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ከሥራቸው ሳይሰናበቱና መብታቸውን ሳያጡ ፈቃድ ወስደው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ተጓዙ። አዲስ አበባ ደርሰው ዐፄ ምኒልክን አገኙ፤ ድንኳን ተክለውም ሕሙማንን ማከም ጀመሩ። አማርኛ አይችሉም፤ እውነተኛ ስማቸውንም አያውቁም ነበር። ዜናቸውን የሰሙ አንዲት አረጋዊት አያታቸው መሆናቸውን ገልጠው፣ በሰውነታቸው ላይ ካለ የልጅነት ጠባሳ ለዩዋቸው። ወርቅነህ እሸቴ መሆናቸውን ያወቁት ያኔ ነው። በሌሎች ሰውነት ላይ ጠባሳ ሲመረምሩ የኖሩት ሐኪም በራሳቸው ጠባሳ ማንነታቸውን አገኙ።

ይሁንና በዚያው አልቀሩም። ፈቃዳቸው የተወሰነ ነበርና ወደ በርማ ተመለሱ። በኋላም በአዲስ አበባ በብሪታንያ ሌጋሲዮን ሐኪምነት ተመድበው መጥተው፣ ዐፄ ምኒልክ በታመሙባቸው ዓመታት በዋና ከተማው ሠርተዋል። በዚህም ጊዜ ደመወዛቸውን የሚከፍለው የብሪታንያ መንግሥት ስለ ነበር በአገራቸው የሌላ አገር ሹም ሆነው መታየታቸው አልቀረም። ሁለት ታማኝነትን አስታርቆ መያዝ ለማንም ቀላል አይደለም። መውጫው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1919 የአገልግሎት ዘመናቸውን ፈጽመው በጡረታ ሲሰናበቱና ኑሯቸውን በኢትዮጵያ ሲያደርጉ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር።

እዚህ ላይ የሲቪሉን በር ዋጋ ማስላት ይቻላል። ከፍ ያለ ማዕረግና ጦር ሠራዊታዊ ክብር አልሰጣቸውም። ነገር ግን ሁለት ነገር ሰጥቷቸዋል፤ የመጀመሪያው ወደ አገራቸው መጥተው ራሳቸውን እንዲያውቁ ያስቻለው ፈቃድ ሲሆን፣ ሁለተኛው በጊዜው ሳይዋረዱ እንዲወጡ ያደረገው ጡረታ ነው። ወታደራዊ ሹመት ቢይዙ ኖሮ በየዘመቻው የመጠራት ግዴታ ይከተላቸው ነበር። ለንጉሠ ነገሥታቸው ሐኪም ለመሆን የሚሻ የሌላ ጦር መኮንን ደግሞ የከፋ አጣብቂኝ ውስጥ ይገባል።

በአገር ውስጥ አገልግሎት

ሐኪም ወርቅነህ ከተመለሱ በኋላ የሠሩት ሥራ በሕክምና አልተወሰነም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የመጀመሪያ የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ባርነት እንዲቀር ከሚጥሩት ወገን ተሰልፈው ነጻ የወጡ ልጆች እንዲማሩ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አሜሪካ ተልከው በጣና ሐይቅ ላይ ስለሚሠራው ግድብ ከአንድ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋግረዋል። በዚያው ጉዞ በኒው ዮርክ ሃርለም የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋብዘዋል። በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍም አዘጋጅተዋል። አዛዥ ተብለው የጨርጨር አገረ ገዥ ሲሆኑ አውራጃው ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ የአስተዳደር ሙከራ ቦታ ነበር።

ከአንድ ሐኪም ይህን ያህል የተለያየ ሥራ መጠየቁ በጊዜው የተማረ ሰው ምን ያህል ጥቂት እንደ ነበር ያሳያል። በሌላ በኩል አገሪቱ ሐኪምን በሐኪምነቱ የምትቀጥርበት መዋቅር ገና እንዳልነበራት ይመሰክራል። በሕንድ ሦስት በሮች የነበሩት ሰው በአገራቸው የተዘጋጀ የሕክምና አገልግሎት በር አላገኙም። ወታደራዊም ሆነ ሲቪል፣ በደንብ የተቋቋመ፣ ሐኪም የሚያድግበት መሰላል አልነበረም። በየቦታው ሆስፒታሎች ነበሩ፤ ሐኪሞቻቸው ግን በአብዛኛው የውጭ አገር ዜጎች ነበሩ።

የ1928 ዓ.ም. ጦርነት

የዚህ ክፍተት ዋጋ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ተከፈለ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ነው። በግንባር የነበረው ሕክምና በአመዛኙ ከብሪታንያ፣ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከፊንላንድ፣ ከሆላንድና ከግብፅ በመጡ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች ላይ የተመሠረተ ነበር። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የስዊድን ቡድን በመልካ ዲዳ በኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተደበደበ። በየካቲት መጨረሻ ደግሞ የብሪታንያው ቡድን በቆረም አካባቢ ተመሳሳይ ጥቃት ደረሰበት። የዚህ ቡድን መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ ኢጣሊያኖች አዲስ አበባ ከመግባታቸው በፊት በነበረው ሁከት ቆስለው ሕይወታቸው አለፈ። የቀይ መስቀል ምልክት ከወታደራዊ ልብስ ይልቅ ይከላከላል የሚለው እምነት በዚህ ጦርነት ክፉኛ ተፈተነ።

በዚህ ወቅት ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሐኪም በጦር ሜዳ ቁስለኛ አላከሙም። ሥራቸው በሌላ ግንባር ላይ ነበር፤ ለአገራቸው ገንዘብና ወዳጅ ማሰባሰብ፣ የመርዝ ጋዝና የሆስፒታል ድብደባ ለብሪታንያ ሕዝብ እንዲታወቅ ማድረግ፣ የተሰደደውን መንግሥት ጉዳይ መያዝ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያወቁትን የእንግሊዞችን ቋንቋና አሠራር ለአገራቸው ጥብቅና አዋሉት።

ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ትውልድ ሌላ መንገድ ይዟል። ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1935 በዋሺንግተን ከሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው በጦርነቱ ዋዜማ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በጦርነቱ ጊዜ በሐኪምነት ካገለገሉ በኋላ በአሜሪካ ለኢትዮጵያ ድጋፍ ሲያደራጁ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1940 ዐረፉ። የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ደግሞ በ1928 ዓ.ም. ክረምት በነቀምት የተመሠረተውን የጥቁር አንበሳ ድርጅት በሊቀ መንበርነት መሩ። የድርጅቱ አስኳል የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት እጩ መኮንኖችና በውጭ የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። አባላቱ በነቀምት አቅራቢያ በቦነያ ያረፉትን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አቃጥለው የአየር ኃይል ሹማምንቱን ገደሉ። በመተዳደሪያ ደንባቸው የፖለቲካው አመራር ከወታደራዊው በላይ እንዲሆንና ምርኮኛ በሰብአዊነት እንዲያዝ መወሰናቸው የድርጅቱን መሪ ሙያና ትምህርት ለሚያስታውስ ሰው እንግዳ አይሆንም።

ጎጀብ

በእንግሊዝ አገር የተማሩት የሐኪም ወርቅነህ ልጆች፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ የተሰለፉት በዚህ ድርጅት ውስጥ ነው። አባታቸው በደንብ የተዘጋባቸውን ወታደራዊ በር ልጆቹ በአገራቸው በኩል ገቡበት፤ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ፈቃድና ያለ ጡረታ። የራስ እምሩ ጦር ከምዕራብ ወደ ደቡብ ምዕራብ እየተገፋ መጥቶ በጎጀብ አካባቢ ከተከበበ በኋላ ድርጅቱ ተበተነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ሲደረግ ኢጣሊያኖች በተማሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የበቀል እርምጃ ወሰዱ። ዮሴፍና ቢንያም ከተገደሉት መካከል ነበሩ። አባታቸው ይህን መርዶ በስደት ተቀበሉ። ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት ከነጻነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 ሲሆን፣ ከ10 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1952 ዐረፉ።

የአባትና የልጆች ዕጣ ሲነጻጸር የሲቪሉ መንገድ ጥበብ የወታደራዊው ደግሞ ስሕተት ነበር ወደሚል ድምዳሜ መቸኰል አይገባም። የአባትየው ዕድል የተመሠረተው ደንብ፣ መዝገብና ጡረታ ባለው የመንግሥት አገልግሎት ላይ ነበር። ልጆቹ የተሰለፉት ግን መንግሥታቸው በተሰደደበት፣ የሚመርጡት የአገልግሎት ዘርፍ በሌለበት ሰዓት ነው። ተቋም ሲፈርስ የዘርፍ ምርጫ የሚባለው ነገርም አብሮ ይፈርሳል፤ የሚቀረው መዝመትና አለመዝመት ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ከሐኪም ወርቅነህ የሕይወት ታሪክ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የሕክምና ሙያን ከወታደራዊ ወይም ከሲቪል ዘርፍ የሚያገናኘው ምርጫ የግል ዝንባሌ ብቻ አይደለም፤ በዜግነት፣ በዘርና በምዝገባ ደንቦች አስቀድሞ የተቀረጸ ነው። ሁለተኛ፣ በዘርፎች መካከል ያለው ጥልቅ ልዩነት ከማዕረግ ይልቅ በትእዛዝ ሰንሰለቱ፣ በመጠራት ግዴታውና በመውጫው ደንብ ላይ ይገኛል። ሦስተኛ፣ አንዲት አገር ሁለቱንም ዘርፎች አስቀድማ ካላዘጋጀች በጦርነት ጊዜ ቁስለኛዋን በእንግዳ እጅ ትተዋለች፤ ሐኪሞቿንም ከሙያቸው ውጭ ታሰማራለች።

ሐኪም ወርቅነህ ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በትውልድ ከተማቸው በጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ዛሬ ከእነዚህ ተቋማት የሚመረቅ ወጣት በመከላከያ ሠራዊት፣ በፖሊስ ወይም በጤና ጣቢያና በሲቪል ሆስፒታል የማገልገል አማራጭ ሲቀርብለት ወርቅነህ ያላገኙትን ነገር አግኝቷል፤ በሮቹ በአገሩ ውስጥ ናቸው። ያም ቢሆን ውሉን ከመፈረሙ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡት ጥያቄዎች አልተለወጡም፤ በሕሙማኔ ላይ ስወስን የሚያዝዘኝ ማን ነው? መቼ ልጠራ እችላለሁ? ስወጣስ ምን ይዤ እወጣለሁ? በሰቃ በኩል ወደ ጎጀብ የሚወርድ የጤና ባለሙያ እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሣው፣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሁለት ልጆች የተሰለፉበት ጦር ወዳከተመበት ስፍራ በሚወስደው መንገድ ላይ ሆኖ ነው።